ሥሬን መርምሩልኝ ያልኩ ጊዜ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልደርስበት ብሞክርም አንዴ ከትልቁ ልጄ ሠርግ በፊት ይሆንብኛል፣ አንዴ ደግሞ በኋላ። እዚህ ሳዑዲ፣ ኮባር ከተማ፣ ቱቅባ በሚባለው ሰፈር ሻይ በአንድ ሪያል የሚጠጣበት፣ አገር ቤት ለመደወል ካርድ ተፍቆ በስልክ ቤቱ በር ላይ ወረፋ የሚያዝበት፣ የካሴት ሱቆች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው መንዙማ የሚለቁበት ዘመን እንደነበር ግን አውቃለሁ። ወበቁንም አስታውሳለሁ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው አየር እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደመጣል ነበር። ይኸው አሁንም እንደዚያው ነው፤ በዚህ ከተማ ዋጋው ያልጨመረ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ከማል ነው። ከማል አብሮን በአንድ ክፍል የሚኖር፣ በየመን አድርጎ የመጣ የከሚሴ ሰው ነው፤ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፣ ሳቅ ግን ሞልቶታል። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ተመልሰን፣ ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጋው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይችን እያት እስቲ።»

ቆርቆሮ ናት። በላይዋ አንበሳ ያገሳል፣ ከአንበሳው እግር ሥር የተቆራረጠ ሥራ ሥር ተስሏል፣ በጎኗ አረንጓዴ ማኅተም አለባት።

«የሐበሻ ሥር ነው አሉ» አለኝ። «ለወንድ ልጅ። በላብራቶሪ የተመረመረ።»

«ማን መረመረው?»

«ላብራቶሪው ነዋ።»

«ላብራቶሪ ቤት ነው ልጄ። ቤት አይመረምርም። ማን ነው ያየው፣ ምንስ አየሁ አለ?»

«ጋሼ ደግሞ። ለእርስዎ መቼም ጊዜው አልፏል፣ ለእኛ ይተዉልን» አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ግን እንቅልፉ ጠፋ።

እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ አይጽፈውም የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ በኩራዝ ነው። የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ግን አንድ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፤ ወንድ ስለ ድካሙ ዝም ስለሚል ነው ነጋዴ የሚጫወትበት። ራሱን ቢያመው ለጎረቤቱ ይናገራል፣ ወገቡን ቢያመው ይናገራል፣ ያ ነገር ሲደክመው ግን አፉን ይዘጋና ኪሱን ይከፍታል። እኔ አፌን አልዘጋም። ነውር ነው የሚል ይበል።

ያኔ የምሠራው ቅመምና ሥራ ሥር በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ዓረቦቹ አጣራ ይሉታል። ቱቅባ መሐል፣ አንድ ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ አጠገብ፣ ከካሴት ሱቁ ፊት ለፊት። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ነጭ ጀለቢያ ሲሰፋ ይውላል፤ መኪናውን ሲረግጥ የእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንቀጠቀጡ ነበር። ጆንያዎቹን በር ላይ አፋቸውን ገልብጠን እንደረድራለን፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ የደረቀ ሎሚ፣ የጽጌረዳ እንቡጥ። የሱቁ ባለቤት ካፊሌም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ በስሙ ያለ አሠሪዬም፣ ነው፤ አቡ ናስር እንበለው። ክፉ ሰው አልነበረም። በበዓል ሥጋ ይልክልኛል፣ ሲያመኝ ራሱ በመኪናው ሐኪም ቤት ወስዶኛል። ይህን የምለው በኋላ የምናገረውን ስትሰሙ ጭራቅ እንዳይመስላችሁ ነው። ሰው ከጥቅሙ ጋር ሲጋጭ ነው የሚለየው።

ለወንድ የሚሆነውን ሥር ወደዚያ ሱቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ወሎ ውስጥ፣ በእኛ አካባቢ፣ የታወቀ መድኃኒት አዋቂ ነበር። ከአገር የሚመለስ ሰው ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ እኔ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ በትንሽ በትንሹ እሰጣለሁ። ደንበኞቼ እነማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ለእረፍት ወደ አገር የሚገቡ ሠራተኞች ናቸው። ሦስትና አራት ዓመት ከሚስቱ ርቆ በስድስት ሰው ክፍል ውስጥ የኖረ ወንድ፣ የሚሄድበት ቀን ሲቀርብ ፍርሃት ይይዘዋል። ያን ጊዜ እንዴት ነበር የሚያምርባቸው። ሹል ጫማ ይገዛሉ፣ በደንብ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ እጅ ላይ የሚከብድ ቢጫ ሰዓት። ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ በሰባ ሪያል ገዝተው፣ ሻንጣውን በገመድ ጠፍረው፣ ስማቸውን በትልቁ በቀለም ይጽፉበታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ወደ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ሱቃችን በር ላይ መጥተው የአብሹን ጆንያ ያያሉ። አብሽ ፈልገው እንዳልመጡ ጀርባቸው ይናገራል።

«ምን ልስጥህ?»

«እንዲሁ ነው ጋሼ። ለወገብ የሚሆን ነገር ካለ።»

«ወገብህን ነው ወይስ ሌላ?»

«እዚያው አካባቢ ነው።»

እኔ ታዲያ ዝም ብዬ አልሰጥም። አባቴ ሲሰጥ ያየሁትን ነው የማደርገው። መጀመሪያ ከዚያው ከምሰጠው ላይ ቆንጥሬ ፊቱ እቀምሳለሁ፤ መድኃኒት ሰጪ ያልቀመሰውን አያቀምስም። ቀጥዬ «ሚስትህ ታውቃለች?» እለዋለሁ። እዚህ ላይ ነበር ጣጣው። አባቴ ይህን ሥር ለብቻው ለመጣ ወንድ አይሰጥም ነበር። ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለቱንም ያናግራል፣ ብዙ ጊዜም ሥሩን ሳይሰጥ አስታርቆ ይሸኛቸዋል። «ይህ የሁለት ሰው መድኃኒት ነው፤ አንዱ ተደብቆ ከጠጣው ውሸት ይሆናል» ይል ነበር። ቱቅባ ውስጥ ሚስት ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሄደህ ደውልላት እላለሁ። ስንቱ ተቆጥቶ ሄደ። ስንቱ ደግሞ ስልክ ቤት ገብቶ፣ ላቡ እየወረደ ደውሎ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ። አንዱን የሐይቅ ሰው አስታውሳለሁ፤ እየሳቀ ተመልሶ «አንተ ብቻ ና፣ ሌላው የኔ ጉዳይ ነው አለችኝ» አለና ሥሩን ሳይገዛ ሄደ። አቡ ናስር «ይህ ሰውዬ ሊያከስረኝ ነው የመጣው» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ የመጣ ሻጭ ከማል እንዳሳየኝ ያሉ ቆርቆሮዎችን አመጣ። አቡ ናስር ተደስቶ መደርደሪያው ላይ ደረደራቸው። የሐበሻ ሥር ነው፣ ተዘጋጅቶ የመጣ፣ ቶሎ የሚሠራ። እኔ እንደ ልማዴ ክዳኑን ከፈትሁና በማንኪያ ጫፍ ቀመስሁ። ብዙም አልቆየ፤ ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ነደደ፣ ራሴን እንደ ከበሮ ይመታኝ ጀመር። ተቀምጬ ውኃ ጠጣሁ። አባቴ የሚለው መጣብኝ፤ ሥር እንደ አህያ ነው፣ ቀስ ብሎ ያደርሳል፤ ከጋለበ ሥር አይደለም።

«አቡ ናስር፣ በዚህ ውስጥ ሌላ ነገር አለበት። ይህ የዛፍ ሥር አይደለም።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ኢድሪስ። ሰዎቹ ይወዱታል።»

«እኔ አልሸጠውም።»

«አትሽጠው፣ እኔ እሸጠዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸጠው። ግን የሚገዛው ሰው የሐበሻ ሥር ሲል የሚያየው እኔን ነበር። የእኔን ጥምጣምና የእኔን ሽበት እያየ ነበር ከሱ እጅ የሚገዛው።

ሸምሱ የውኃ ቦቴ ሹፌር ነበር፣ የወረባቦ ሰው፣ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ። ወደ አገር ሊገባ ሻንጣውን አስሮ ጨርሷል። ወደ እኔ መጥቶ እንደ ሌላው ሁሉ ስለ ወገቡ አወራኝ። ሚስትህን አናግራት አልሁት።

«ሚስቴን እንዲህ ያለ ነገር ከምጠይቅ ቦቴውን ነድቼ ባሕር ብገባ ይሻለኛል» አለኝ።

«እንግዲያው ሂድና ዕረፍ፣ ሥሩም አያስፈልግህም።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ አንተ መድኃኒተኛ ነህ ወይስ ቃዲ?»

ተሳስቀን ተለያየን። እኔ ምሳ ልበላ በወጣሁበት ተመልሶ መጥቶ ከአቡ ናስር ቆርቆሮዋን ገዛ። ከዚያ ደግሞ እንደኛ ያለ ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረገ። ሚስቱ ፊት ከማፍር እዚሁ ልሞክረው ብሎ፣ የክፍል ጓደኞቹ ሥራ በወጡበት፣ ብቻውን ተቀምጦ በትልቁ ማንኪያ በማር አድርጎ ዋጠ። የማናውቀው ነገር ደግሞ ነበር። ሸምሱ ልቡን ያመው ነበር፤ ከምላሱ ሥር የሚያስቀምጠው ኪኒን ነበረው። ያን ለማንም አልተናገረም፤ ካፊሉ ከሰማ ኢቃማዬን አያድስልኝም ብሎ ፈርቶ። ጓደኞቹ ሲመለሱ መሬት ላይ አገኙት። አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው፤ ቆርቆሮዋ አልጋው ላይ ቀረች።

ማታውኑ ወሬው ቱቅባን ሞላው። የእንድሪስ ሥር ሰው ገደለ። ሸምሱ ግን አልሞተም፤ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ወሬ ግን እስኪጣራ አይጠብቅም። በነጋታው ሻይ ቤት ስገባ አግዳሚው ላይ የነበሩት ተነሡ። አንዱ፣ ከእኔ ዘንድ ሁለቴ ሥር የወሰደ ሰው፣ «ሐኪሙ መጣ፣ ከፈን አዘጋጁ» አለ። ሻዬን ጠጣሁ። እስከ ጭላጩ፣ ቀስ ብዬ ነው የጠጣሁት። ተሹለክልኬ ብወጣ ያን ዕለት አልቆልኝ ነበር።

አቡ ናስር በጓዳ በኩል ጠራኝ። በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«ኢድሪስ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ቤተሰብ አለኝ፣ ሱቅ አለኝ። ሰዎች ከመጡ ሥሩን የሰጠሁት እኔ ኢድሪስ ነኝ በል። ቶሎ ብዬ ኹሩጅህን፣ የመውጫ ፈቃድህን፣ አስመታለሁ፣ ትኬትህን እቆርጣለሁ፣ ለልጆችህ ልብስ ይዘህ አገርህ ትገባለህ። ኸላስ፣ በቃ።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ቆርቆሮ የለም። ዛሬ እጥለዋለሁ።»

«የሸምሱስ ነገር?»

«አላህ ያሽረው።»

«እምቢ ካልሁ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ሁሩብ እልሃለሁ» አለኝ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ሠራተኛዬ ጠፋብኝ ብሎ ካፊል ካስመዘገበ፣ ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። ፓስፖርቴም እሱ ዘንድ ነበር። ልጆቼ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ አገር ቤት የጀመርሁት ቤትም ገና የቆርቆሮ ጣሪያ አልለበሰም ነበር። ደግሞም አገሬ የምገባው መድኃኒት አዋቂ ተብዬ ሳይሆን ሰው ገዳይ ተብዬ ነው፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። የአባቴ መቃብር ያለበት መንደር ነው።

እኔ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፣ ያን ቀንም አልጮህሁም። «አቡ ናስር፣ እንጀራህን በልቻለሁ፣ አላህ ይስጥህ» አልሁት። «ግን ያልሰጠሁትን ሰጠሁ አልልም። የኔን ሥርና የአንተን ቆርቆሮ አንድ ላይ ሐኪም ይመርምራቸው። የኔው ገዳይ ከሆነ እኔ ራሴ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። አገሬ አልሄድም። ከዚህ ሱቅ በርም አልነቃነቅም።»

«ማን ይመረምርልሃል? አንተ ማን ነህ?»

ወጥቼ ጆንያዎቹን መደርደር ቀጠልሁ። ከሸምሱ ጓደኞች ግን ቆርቆሮዋን ሄጄ ተቀብያለሁ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከትራሴ ሥር አስቀመጥሁ።

ሰይሃት በምትባል ጎረቤት ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከማዳሟ ሹፌር ጋር እየመጣች የወጥ ቤት ቅመም ከእኛ ትገዛ ነበር። ረጋ ያለች፣ ጥቁር አባያዋን አጥብቃ የምትይዝ፣ ምላሷ ግን የተሳለ ሴት ናት። ማዳሟ ኮባር ሐኪም ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በዚያ ሐሙስ ስትመጣ ሱቁ ጭር ብሏል። አብሹን እየመዘንሁላት ሳለ በቀጥታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?»

«ወላሂ አልሰጠሁትም።»

«እንግዲያው ሥሩን አምጣና ለማዳም ልስጣት።»

ክው አልሁ። «አንቺ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት? የወንድ ጉዳይ ነው፤ ነውር ነው ልጄ።»

«ማዳም ቀኑን ሙሉ በሽንትና በደም ስትሠራ የምትውል ሴት ናት፤ በሥር አትደነግጥም። የምደነግጠው እኔ ነኝ» አለችኝ። ፈገግ አላለችም። እሷም የምትፈራው ነበራት። የቤት ሠራተኛ፣ ባል የሞተባት፣ የወንድ መድኃኒት በቦርሳዋ ይዛ ብትገኝ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ቀን ልትባረር ትችላለች። ወስዳው ሄደች፤ የኔን ሥር በአንድ ጨርቅ፣ ቆርቆሮዋን በሌላ።

በበነጋው በሹፌሩ ስልክ ሱቅ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ማዳሟ ተቆጥታ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ይህ ምን ያደርጋል ብላ። ኋላ ግን የታመመው ሰው የተኛው እሷው ሐኪም ቤት እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም ምን እንደዋጠ ለማወቅ ሲጨነቁ እንደነበር ገባት። ለአለቃዋ ነግራ ልትመረምረው ተስማማች። አንድ ነገር ግን ቀረ።

«የተክሉን ስም ንገረኝ ትላለች። ስሙን፣ ቅጠሉንም። ያለበለዚያ አላየውም አለች።»

የሥር ስም በእኛ ዘንድ አይነገርም። አባቴ ለኔ የነገረኝ ከታመመ በኋላ ነው፣ እሱንም በጆሮዬ። ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል። ለሚስቴ እንኳ አልነገርሁም። የስልኩን እጀታ ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁት፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን ሲረግጥ ይሰማኛል።

«አለህ ጋሼ?»

«አለሁ። እሱን ግን አልችልም ልጄ። የአባቴ አደራ ነው።»

«አባትህ ስሙን የደበቀው ሌባ እንዳይወስደው ነው» አለችኝ። «አሁን የተወሰድኸው አንተ ነህ። አንተን ወስደው ቆርቆሮ ላይ ለጥፈውሃል። ምኑን ነው የምትጠብቀው?»

ነገርኋት። በአማርኛም በአፋርኛም የሚጠራበትን ነገርኋት። ቅጠሉንም፣ ሥሩ የታሰረበት ደረቅ ቅጠል ነበርና፣ ላክሁላት። እዚህ አልጽፈውም፤ አሁን የማልጽፈው ግን ይረክሳል ብዬ አይደለም፣ ይህን ያነበበ ሰው ሄዶ ነቅሎ ሳይመዝን እንዳይጠጣ ነው።

ማዳሟ ኮባር ሐኪም ቤት የጠራችኝ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሽቶ ነካ አድርጌ ሄድሁ። ኮሪደሩ በእንግሊዝኛ ይንጫጫል። ማዳሟ ከነጭ ካፖርቷ ሥር አባያዋን የለበሰች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ያገሬ ልጅ አጠገቧ ቆማለች፤ ዓረብኛው ሲከብደኝ እያገዘችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሥሬን በትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ አየሁት፤ እንደ ሻይ ቀልቶ፣ ባዕድ ሆኖብኝ።

«አንተ ነህ የምትቀምሰው የተባልኸው?» አለችኝ።

«አዎ ማዳም። ለሰው የምሰጠውን እቀምሳለሁ።» ከኪሴ አንዲት ቁራጭ አውጥቼ ፊቷ አኘክሁ።

«መቅመስ ምርመራ አይደለም» አለች፣ በደግ ድምፅ። «ዛሬ የማይጎዳ ነገር ከዓመት በኋላ ጉበት ሊያበላሽ ይችላል። ምላስ ያን አያውቅም።»

«እውነት ነው። ለእኔ ግን መሐላዬ ነው። ቆርቆሮውን የሚሸጠው ሰው ግን አንድ ቀንም አልቀመሰውም።»

ከዚያ ተናገረች። ቆርቆሮው ውስጥ የተፈጨ ኪኒን አለ፤ ሐኪም አይቶ፣ ልብንና ደምን ለክቶ የሚያዝዘው ዓይነት፣ ያውም ያለ ልክ ተደባልቆ። የልብ ኪኒን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ የደሙን ግፊት ባንድ ጊዜ ቁልቁል ይጥለዋል። ሥር የተባለው የቀረው ነገር ገለባ ነው። በእኔ ሥር ውስጥ ግን ኪኒን የለም፤ በፈለገችበት መንገድ ሁሉ ፈልጋ የምታውቀውን መርዝም አላገኘችም።

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ፤ ዓይኔም ሞላ።

«ቆይ» አለችኝ። «አልጨረስሁም። ለወንድ ይሠራል ስትል ግን፣ ይህን የሚያሳይ ነገርም አላገኘሁም። አይሠራም አላልሁም። አላየሁም ነው የምለው። ያን ለማወቅ ብዙ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ይሠራል ብለህ በእኔ ስም እንዳትምል።»

ያገሬ ልጅ ይህን ስትተረጉምልኝ ቀስ ብላ ነው፤ እንዳይከፋኝ ፈርታ። ተከፋሁ ወይ? አዎ፣ ተከፋሁ። አባቴን የነካችብኝ መሰለኝ። ነገር ግን ምርመራ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የሚጥመኝን ብቻ ልቀበል ብል ከቆርቆሮ ሻጩ በምን እለያለሁ? «እሺ ማዳም፣ እንዳልሽው እናገራለሁ» አልኋት። እንዳለችውም ተናገርሁ።

ሸምሱን እዚያው ፎቅ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ሚስትህ ደውላለች?» አልሁት።

«ጓደኞቼ ነገሯት። ሁሉንም ነገሯት።»

«ምን አለች?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅህ ነበር ባሌ፤ አሁን ድምፅህንም ልትወስድብኝ ነበር ወይ አለችኝ» አለ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወጣሁለት። ወንድ ሲያለቅስ ቆሞ ማየት ደግ አይደለም።

ሐኪም ቤቱ ያሳወቃቸው ሹማምንት መጥተው ቆርቆሮዎቹን ጭነው ሄዱ። አቡ ናስር ስለ ሁሩብ ድጋሚ አላነሣም፤ ሊያነሣም አይችልም፤ ማዳሟ ስሜን ከነምርመራው ለሐኪሞቹ አስረድታለች። ካፊል ለመቀየር ፈቀደልኝ። የተለያየን ዕለት ሱቁ በር ላይ እጄን ይዞ «ኢድሪስ፣ ፈርቼ ነው» አለኝ። «እኔም ፈርቼ ነበር፣ አቡ ናስር» አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሻይ ቤት ያው ቦታዬ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ከፈን አዘጋጁ ያለው ሰውዬ ሻይ አዘዘልኝ። ጠጣሁለት፤ ከዚያ ለሁሉም፣ ሳይጠይቁኝ፣ ያገኘችውንም ያላገኘችውንም ነገርኋቸው። «ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለኝ አንዱ። «አላውቅም፤ የሚያውቅም ገና አልተገኘም» አልሁት። «ልብህን የሚያምህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ሚስትህ፣ እኔ ከነዚያ በኋላ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬ አነሰ። ይነስ። ሥሩንም እያደር ተውሁት፤ አሁን ደማም ከተማ ውስጥ ቴምር ነው የምሸጠው፣ ቴምርን ማንም ተሹለክልኮ አይገዛም።

ከማልን ያን ዓርብ ምን አልሁት መሰላችሁ? «ግዛው፤ ግን ከመዋጥህ በፊት ያችን ማኅተም ያተመውን ሰው ስሙን አምጣልኝ» አልሁት። ስልኩን አገላብጦ፣ አገላብጦ አጣው። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ግን በእሱ ነበር።

ይህን ልጽፍ ስነሣ አንድ ወዳጄ «የሴትዮዋን ስም ግን እንዳታነሣ፤ እንዲህ ካለ ነገር ጋር የሴት ስም አይጠራም» ብሎ መከረኝ። ለእሷ አስቦ ነው፣ አልቆጣውም። ግን ያን ጊዜ ከቱቅባ ወንድ አንድም ስንኳ አብሮኝ አልቆመም። ሥሬን ተሸክማ ማዳሟ ፊት የቆመች፣ እንጀራዋን ለእኔ እውነት ያስያዘች፣ አባቴን ሳልከዳ እንድናገር ያደረገችኝ እሷ ናት። ዛሬ አገር ቤት፣ ሐርቡ ገብታ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ይህ ነውር ከሆነ ነውሩ በእኔ ይሁን፤ ዘሃራ ትባላለች፣ ዘሃራ ሙሔ።